ከዚራን በሦስት ቀለም

ከድሬዳዋ ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ደብረ ብርሃን ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ "ጉዞ እንዴት ነበር?" ሲሉኝ "ደህና" እያልኩ ሳልፋቸው ሰነበትኩ። ደህና አልነበረም። ንዴቱ እስካሁን አልለቀቀኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ልጽፈው ወሰንኩ። ድሬዳዋን አይታችሁ የማታውቁ፣ ምናልባትም መቼም የማታዩ ሰዎች ታነቡት ይሆናል። ስለ ከተማዋ ጥሩ ጥሩውን የሚነግሯችሁ ሌሎች ሞልተዋል። እኔ የምጽፈው የደረሰብኝንና ያደረግኩትን ነው፤ ካደረግኩትም ውስጥ የማልኮራበት አለ።

የሥዕል መምህርት ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆችን ማሰሮና ሙዝ ሳስሥል ኖሬያለሁ። የራሴ የምለው፣ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ከሩቅ የማየው አንድ ሥዕል ግን አልነበረኝም። ባለፈው ዓመት አንዲት ያስተማርኳት ልጅ ከውጭ አገር ስትመጣ አምስት ትልልቅ የጥጥ ወረቀት አመጣችልኝ። ለውኃ ቀለም ተብሎ የተሠራ፣ ወፍራም፣ ዳር ዳሩ በእጅ የተቀደደ የሚመስል ወረቀት ነው። አምስቱንም ቁም ሣጥን ውስጥ ከአንሶላ ሥር ደብቄ ዓመት አስቆጠርኳቸው። የምሥልባቸውን ግን አውቀው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለስብሰባ ድሬዳዋ ሄጄ ከዚራ የሚባለውን ሰፈር፣ የባቡር ዘመን ቤቶቹንና ጎዳናውን ያለበሱትን ዛፎች አይቻለሁ። የብርድ ወራት ነበር። ጠዋት ጠዋት ከዛፎቹ ሥር የሚተኛው ግራጫ ብርሃን ከዚያ ወዲህ ከዓይኔ አልጠፋም።

የጥር ዕረፍት ሲመጣ ወረቀቶቼን በሁለት ጣውላ መሐል አስሬ ተነሣሁ። ቀለም ሦስት ብቻ ያዝኩ፦ ሰማያዊ፣ የሸክላ ቡናማና አፈርማ ቢጫ። የብርድ ወራት ከተማ ብዙ ቀለም አይወድም። ሰማያዊና ቡናማ ሲገናኙ ግራጫ ይሆናሉ፤ ሰማያዊና ቢጫ የደከመ ቅጠል ያወጣሉ፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው፣ ሳይነካ ይተዋል። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምላቸው ነው፤ ቀለም ሲበዛ ሥዕል ይጮኻል።

ቅዳሜ

ዓርብ አዲስ አበባ አድሬ ቅዳሜ ንጋት ላይ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እስከ አዋሽ ተኝቼ ሄድኩ። ከአዋሽ በኋላ አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ውረዱ ተባልን። ፈታሹ ቦርሳዬን ዘረገፈና የቢጫውን ቱቦ አነሣ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ቀለም ነው። የሥዕል።"

ክዳኑን ከፈተና ጨመቀው። እንደ ጥርስ ሳሙና እየተጠማዘዘ ወጥቶ አቧራው ላይ ወደቀ። አላቆመም፤ እንደገና ጨመቀው።

"ቀለም ነው አልኩህ እኮ!"

"አየሁት" አለና ቱቦውን መለሰልኝ። ግማሹ መሬት ላይ ቀርቷል። ያን ቱቦ አዲስ አበባ ውስጥ አራት ሱቅ ዞሬ ነው ያገኘሁት። ስሳፈር አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ "ተዪው ልጄ፣ ዋናው ጤና ነው" አሉኝ። በዚህ አገር ሰው የፈለገውን ተቀምቶ ዋናው ጤና ነው ይባላል። እስከ አሰበ ተፈሪ መልስ አልሰጠኋቸውም።

አሰበ ተፈሪ ምሳ በላን። ሽሮው ከእኛው አገር ሽሮ ቀጠን፣ በርበሬው ግን ጠንከር ያለ ነበር። ሰውዬው ሳይጠይቁኝ ለስላሳ ገዝተው ፊቴ አስቀመጡልኝ፤ አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ተራራው ነው፤ ብርዱም የእኛን ይመስላል። ቁልቢን አልፈን ከደንገጎ ቁልቁል ስንወርድ ግን ጆሮዬ ተደፈነ፣ አየሩ በመስኮት ሞቆ ገባ። ሹራቤን አወለቅኩ።

ያረፍኩት ሐዋ የምትባል ሶማሌ ነጋዴ ዘንድ ነው። ሐዋ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበ፣ ከዚራ ጫፍ ላይ ሩዝ፣ ፓስታና የዱቄት ወተት የምትሸጥ፣ ከሱቋ ጀርባ ሁለት ክፍል የምታከራይ ሴት ናት። በሩ ላይ ስታየኝ ግንባሬ በላብ ርሶ ነበር። እሷ ወፍራም ጃኬት ለብሳ አንገቷን በሻሽ ጠምጥማለች።

"አቦ አንቺ! በዚህ ብርድ ሹራብሽን ታወልቂያለሽ? ግቢ ግቢ!"

ብርድ! ደብረ ብርሃን በዚያው ሰሞን ውርጭ ጎመኑን አቃጥሎት ነው የመጣሁት። ደግሞ "አንቺ" ማለቷ ትንሽ ቆረቆረኝ። በእኛ አገር ለማታውቂው ሰው "እርስዎ" ነው። ድሬዳዋ ግን ሽማግሌውም ነጋዴውም "አንተ" ነው፤ ንቀት እንዳልሆነ የገባኝ ሰንብቼ ነው። የዚያን ምሽት ሩዝ በፍየል ሥጋ አቀረበችልኝ፣ ከጎኑ ሙዝ ተጋድሞበት። ሙዝ ከሥጋ ጋር! እምቢ ማለት ፈርቼ በላሁት።

እሑድ

ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። የመጀመሪያውን ያበላሸው ፀሐዩ ነው። አራት ሰዓት ላይ ደቻቱ ዳር፣ ውኃ የሌለውን የወንዙን አሸዋ ለመሣል ተቀመጥኩ። በእኛ አገር በጥር አንድ ቅብ እስኪደርቅ ሻይ ይጠጣል፣ የተማሪ ደብተርም ይታረማል። እዚያ ብሩሼን ውኃ ነክሬ እስክመለስ ሰማዩ ደርቆ ጠርዙ ላይ መስመር ሠርቶ ጠበቀኝ። ላርመው ስሞክር ጭራሽ ጭቃ ሆነ።

ሁለተኛውን ፍየል በላችው። እውነቴን ነው። ጥላ ፍለጋ ወደ አንድ ግድግዳ ተጠግቼ፣ ጣውላውን አስቀምጬ ውኃ ልቀይር ዞር ስል አንዲት ነጭ ፍየል ጥጉን ይዛ ታኝካለች። እኔ ስጮህ እሷ መንጭቃ ሮጠች። ሐዋ ስነግራት ሱቋ ውስጥ የሩዝ ጆንያ ላይ ተደግፋ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ዓመት ሙሉ ከአንሶላ ሥር ያስቀመጥኩት ወረቀት ነው።

"አትቆጪ" አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች። "ሰዓቱን ነው የሳትሽው። ድሬ ብርድ ያላት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ፀሐይ ሳይነቃ ውጪ።"

ሰኞ

ሐዋ እንዳለችው ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ከሱቋ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ዛፎቹ በላይ በሚገናኙበት ጎዳና፣ አንድ የድሮ ቪላ አለ። ግድግዳው የገረጣ ቢጫ፣ መስኮቶቹ ረጃጅም የእንጨት፣ ጣራው ቆርቆሮ። ድሮ የባቡር ሹም መኖሪያ ነበር ይላሉ፤ አሁን መሥሪያ ቤት ነው። የየትኛው እንደሆነ አልጽፍም። ከበሩ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ጣውላዬን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ።

በሌሊቱ እርጥበት ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ቆየልኝ። ሰማዩን በሰማያዊና በጥቂት ቡናማ ጀመርኩ፤ ራሱ እየወረደ የዛፎቹን ጫፍ ነካ፣ እኔም ተውኩት። አቧራና የማገዶ ጭስ ከዛፎቹ ሥር ተኝተው ነበር፤ እነሱን በውኃ ብቻ አለፍኳቸው። ቢጫዬን ስለቆጠብኩ ቅጠሎቹ ግራጫ ሆኑ፤ እንደዚያም ነበሩ። ሁለት ሴቶች ሻርፓቸውን አፋቸው ድረስ ጠቅልለው ዳቦ ይዘው አለፉ። አንድ ባጃጅ መብራቱን እንዳበራ መጣ። የቪላውን ግድግዳ በጭራሽ አልቀባሁትም፤ ወረቀቱን ትቼ ጥላውን ብቻ አኖርኩበት፣ ግድግዳውም ቆመ። አንድም ቦታ አላረምኩም።

ሁለት ሰዓት ሲያልፍ ብሩሼን አስቀመጥኩ። ጥሩ ነበር። ራሴን ለማወደስ አይደለም፤ የሰው ሥዕል ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ጥሩውን ሳየው አውቃለሁ። ይህኛው የእኔ ነበር፣ ጥሩም ነበር።

ያኔ አንድ መኪና ከግቢው በር ፊት ቀስ አለ። ከኋላ መስኮት አንድ እጅ ወደ እኔ ጠቆመ። መኪናው ሲገባ ጥበቃው ወደ እኔ መጣ። ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ አሮጌ ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። ስሙ ኢብሮ እንደሆነ፣ አገሩም ጀልዴሳ እንደሆነ ኋላ ነው የሰማሁት። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ስለሆነ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም።

"አንተ፣ ምን ትጽፋለህ?"

"እየሣልኩ ነው።"

"እዚህ ጋ መጻፍ አይቻልም። ፈቃድ አለህ?"

"መንገድ ላይ ነው የተቀመጥኩት። መንገድ ላይ ለመቀመጥ ፈቃድ አለ እንዴ?"

"ቤቱን ጽፈሃል። ቤቱ የመንግሥት ነው። ወረቀቱን አምጣ ተብያለሁ።"

"ማነው ያለህ?"

"ኃላፊው።"

"እሱ ራሱ ይምጣ!"

"እሱ አይመጣም" አለ። "የምመጣው እኔ ነኝ።"

ጣውላውን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። ባጃጆች ቆሙ፣ ሰው ተሰበሰበ። ፈታሹ፣ ፀሐዩ፣ ፍየሏ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሣልኩት ማሰሮ፣ ሁሉም ተደራርቦ መጣብኝና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮኽኩበት።

"አንተ ማይም! ሥዕልና ጽሑፍ የማትለይ ማይም!"

ኢብሮ ጎንበስ ብሎ ጣውላውን ከጉልበቴ ላይ አነሣው፤ እኔም እርጥቡ ቀለም እንዳይነካካ ፈርቼ ለቀቅኩት። በሁለት መዳፉ፣ ጠርዙን ብቻ ይዞ፣ አግድሞ፣ ቀስ እያለ ተሻግሮ ገባ። ለሥዕሉ መጠንቀቁን በዚያ ሰዓት አላየሁለትም። የማየው ካፖርቱን ብቻ ነበር።

ሐዋ ስትሰማ በሶማልኛ የተናገረችውን መተርጎም አልችልም። ከዚያ ፈጢራ የሚሉትን ስስ ቂጣ አስመጥታ ማር አፈሰሰችበት።

"ብዪ። በባዶ ሆድ መናደድ ጨጓራ ነው ትርፉ። ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ወላሂ።"

ማክሰኞ

ሄድን። ሐዋ ሱቋን ዘግታ ነው የመጣችው፤ ነጋዴ ለማያውቀው ሰው ሱቁን ሲዘጋ በእኛ ሰፈር አይቼ አላውቅም። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል "ስብሰባ ላይ ናቸው" አለችን።

"ስብሰባው መቼ ያልቃል?" አልኩ።

"ሲያልቅ።"

ሐዋ በአማርኛ ጀምራ፣ በኦሮምኛ ቀጥላ፣ በሶማልኛ ጨረሰች። ጸሐፊዋ በሦስቱም ቋንቋ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ብላ መለሰችላት። በመጨረሻ "አቤቱታ ካላችሁ በጽሑፍ አስገቡ" አለች።

በሩ ላይ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀት ገዝቼ ቆሜ ጻፍኩ። መጀመሪያ ሥዕሌ ይመለስልኝ አልኩ። ያ በቂ ነበር። ግን እጄ አላቆመም። "ኢብሮ የተባለው የጥበቃ ሠራተኛ አመናጭቆኛል፣ በሰው ፊት አዋርዶኛል" ብዬ ጨመርኩ። አላመናጨቀኝም። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። በሰው ፊት ያዋረድኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤው ጠንከር እንዲል ፈልጌ ነው፤ "ቀስ ብሎ ወሰደብኝ" ብዬ ብጽፍ ማን ያነበዋል?

ሐዋ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አነበበች።

"የኢብሮን ስም ለምን ታገቢያለሽ? ታዞ ነው እኮ።"

"ይወቀው!" አልኳት። ፈርሜ አስገባሁ።

ከሰዓት ሥዕሌን ብቻ እያሰብኩ ዋልኩ። ከሰባት ሰዓት በኋላ ከተማዋ በሯን ዘግታ ጥላ ውስጥ ትገባለች፤ የመንግሥት ሠራተኛ ፈልጎ ማግኘት አይታሰብም። ደብረ ብርሃን ላይ በዚያ ሰዓት ሰው ፀሐይ ፍለጋ ነው የሚወጣው።

ረቡዕ

ጠዋት ስደርስ በሩ ላይ ሌላ ጥበቃ ቆሟል። ኢብሮ ከመንገዱ ማዶ፣ ሰኞ እኔ የተቀመጥኩበት ድንጋይ ላይ፣ ብርድ ልብሱን በገመድ አስሮ አጠገቡ አስቀምጦ ተቀምጧል።

"ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "ትናንት ጽፈሃል። እኔ ማንበብ አላውቅም። አንብበውልኛል።"

አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

"'አመናጨቀኝ' ይላል። አመናጨቅኩህ?"

"አላመናጨቅከኝም።"

"ዘጠኝ ዓመት እዚህ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሰው አመናጭቄ አላውቅም። ትናንት በቃህ፣ ሂድ አሉኝ። የጀልዴሳ መኪና ስድስት ሰዓት ነው የሚነሣው። እስከዚያ የት ልሂድ?"

ይህን ሲል አልተማጸነኝም። እንደ ሰዓቱ፣ እንደ መኪናው ነው የነገረኝ። እኔ ደግሞ፣ ማፈር ሲገባኝ፣ በእሱም ተናደድኩ። ለምን አይሰድበኝም? ወደ ውስጥ ገባሁ። ጸሐፊዋ ልታስቆመኝ ስትነሣ በሩን ራሴ ከፈትኩት።

ኃላፊው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። ሽቶው እስከ በሩ ይሸታል። ከራሱ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሥዕሌ ተሰቅሏል።

ወርቃማ የፕላስቲክ ክፈፍ ውስጥ ነው፣ መስታወት ገብቶለት። ክፈፉ ስለጠበበ ዳር ዳሩን በመቀስ ከርክመውታል። ከባጃጁ የቀረው መብራቱና አንድ እግሩ ነው።

"መምህርት! ይግቡ፣ ይቀመጡ" አለኝ። የማየውን አይቶ ዞር አለ። "ያምራል አይደል?"

እኔን ነው የሚጠይቀኝ!

"የእኔ ነው" አልኩት።

"አዎ፣ አቤቱታዎ ላይ አይቻለሁ። ትናንት የመጣ እንግዳ ሁሉ ማን ሣለው ይለኛል።"

"ያለ ፈቃድ ተሣለ ተብሎ ነው የተወሰደብኝ። ክልክል ከሆነ ለምን ተሰቀለ?"

"የሚከለከለው መሣሉ ነው፤ መስቀሉ አይከለከልም።"

ሲለው ፈገግ አላለም። ከልቡ ነው። ከዚያ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው ወደ ፊት ዘንበል አለ። "ደግሞ በአቤቱታዎ መሠረት እርምጃ ወስደናል። ጥበቃውን አሰናብተነዋል።"

"ያዘዙት እርስዎ ነዎት እኮ!"

"ጠይቀው ነው ያልኩት። አመናጭቀው አላልኩም።"

"አላመናጨቀኝም።"

"ጽፈዋል። ፈርመዋል።"

አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ልጆችን ስለ መዋሸት ስንት ጊዜ ቀጥቻለሁ። "ዋሽቼ ነው" አልኩ። "እሱን አነሣለሁ። ሥዕሌን ግን ይስጡኝ።"

"ደብዳቤው አንድ ነው መምህርት። ግማሽ ደብዳቤ ማንሣት የሚባል አሠራር የለም። ካነሡ ሁሉንም ነው የሚያነሡት። ለሥዕሉ ከፈለጉ እንደገና አዲስ ያስገባሉ፣ ኮሚቴ ያየዋል።"

"ኮሚቴው መቼ ነው የሚሰበሰበው?"

"ሲጠራ።"

ተቀመጥኩ። ወዲያው ስለ ኢብሮ አሰብኩ ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ይሆናል። ያሰብኩት ስለ ሥዕሉ ነው። ክፈፉን ከምስማሩ አንሥቼ ብሮጥ ማን ይደርስብኛል ብዬ አሰብኩ። ሁለተኛ እንደዚያ እንደማልሥልም አሰብኩ፤ ያን ጠዋት፣ ያን እርጥበት፣ ያን ሳያርም የሚሄድ እጅ የት አገኛለሁ? ዳኛ ፊት ብንቀርብ ሥዕሉ የእኔ እንደሆነ ማንም አይክደውም። ከኃላፊው ኋላ ባለው ረጅም መስኮት ደግሞ መንገዱ ይታያል። ኢብሮ ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የስድስት ሰዓቱን መኪና ይጠብቃል። እኔ ነኝ እዚያ ያስቀመጥኩት። ኃላፊው አይደለም፣ ፈታሹ አይደለም። የእኔ ፊርማ ነው።

"ወረቀት ይስጡኝ" አልኩ።

አቤቱታዬን ሙሉ በሙሉ እንዳነሣሁ፣ ስለ ኢብሮ የጻፍኩትም ውሸት እንደሆነ ጻፍኩ። ከመፈረሜ በፊት ግን ሰውዬው ተጠርቶ በሩ ላይ ካልቆመ አልፈርምም አልኩ። ኃላፊው ሳቀ፣ ቀጥሎ ፊቴን አየና ስልኩን አነሣ። በመስኮቱ ኢብሮ ተነሥቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ብርድ ልብሱን ይዞ በበሩ ሲገባ አየሁት። ፈረምኩ።

"ጥሩ ሰው ነዎት" አለኝ ኃላፊው። "የምስጋና የምስክር ወረቀት እናዘጋጅልዎታለን። አንድ ነገር ብቻ። እዚህ ጥግ ላይ ስምዎን ቢያስቀምጡበት? ማን ሣለው ሲሉኝ ምን ልበላቸው?" ክፈፉን ከግድግዳው አውርዶ፣ መስታወቱን አንሥቶ እስክሪብቶ ዘረጋልኝ።

"'ጥበቃዬን ልኬ ከመንገድ ላይ ያስቀማሁት ነው' በላቸው" አልኩት። "በላቸው" ነው ያልኩት። የድሬዳዋ ሰው ሁሉን ሰው አንተ ይላል፣ በፍቅር ነው። የእኔ በፍቅር አልነበረም።

እዚያ ሥዕል ላይ ስሜ የለም።

ሐዋ ስነግራት አልሳቀችም። ከሱቁ ወንበር አውጥታ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ባጊያ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ የጥራጥሬ ሊጥ በወረቀት ጠቅልላ እጄ ላይ አደረገች። "ብዙ ወሰዱብሽ" አለችኝ። ከዚያ ሻሿን እያስተካከለች፣ "ግን ስሙን አታግቢ ብዬሽ ነበር" አለች። ልመልስላት አፌን ከፈትኩና ባጊያውን በላሁ።

ሐሙስ

የመጨረሻ ቀኔ ነበር፤ ዓርብ ንጋት ላይ አውቶቡስ አለኝ። ሁለት ወረቀት ቀርቶኛል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተመልሼ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እልህ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ገና ወረቀቱን ሳላረጥበው ኢብሮ መጣ።

"ተነሥ" አለኝ።

"ምን?"

"እዚህ ጋ መጻፍ አይቻልም።"

"ትናንት ለአንተ ብዬ ነው ሥዕሌን ትቼ የወጣሁት! ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ። ጸሐፊዋ ነገረችኝ" አለ። "ተነሥ። ከዚያ ዛፍ ወዲያ የእኔ ጥበቃ አይደለም። እዚያ ሂድና ጻፍ።"

ዛፉ ሃያ እርምጃ ያህል ይርቃል። ዕቃዬን ሰብስቤ ሄድኩ። ከዚያ የሚታየው የአጥሩ ግንብ፣ የጣራው ግማሽ፣ የዛፎቹ ግንድና በሩ ላይ የቆመ ካፖርት ነው። ሣልኩት። ሁለት ጊዜ አረምኩ። ሰማዩ ከበደብኝ። እጄ ውስጥ ንዴት ነበረ፤ ብሩሹም ያንን ያውቃል።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ኢብሮ ወደ ዛፉ መጣ። ተነሣሁ። ሌሊቱን ስለማመደው ያደርኩት ነገር ነበር።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩት። "ማይም ስላልኩዎት። ስለጻፍኩትም።"

"'ይበሉኝ' ምንድነው? አንድ ሰው ነኝ እኮ።"

"ይቅር በለኝ።"

"ማይም ነኝ" አለ። "እሱ ስድብ አይደለም። አልተማርኩም፣ ያው ነኝ።" ከዚያ ሌላ ሳይጨምር ጎንበስ ብሎ አዲሱን ሥዕል ማየት ጀመረ። ረጅም ጊዜ አየው።

"ያኛው ይሻላል" አለ።

"አውቃለሁ።"

"እሱ ላይ ብርዱ ነበረ። ይዤው ስሄድ አየሁት። እዚህ ላይ ብርድ የለም።"

ሃያ ሁለት ዓመት ሥዕል አስተምሬያለሁ። የሠራሁትን እንደዚያ አይቶልኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ዕንባዬ መጣ፣ ተከትሎም ያው ንዴት መጣ፣ ከመጀመሪያውም የባሰ።

"ታዲያ ለምን ወሰድክብኝ?" ብዬ ጮኽኩበት።

"ታዝዤ ነዋ" አለ ኢብሮ። ካፖርቱን ቆልፎ ወደ በሩ ሊመለስ ዞረ፤ ከዚያ ቆም አለና አየኝ። "አንተ ግን ስትጽፍብኝ ማን አዞህ ነው?"